ቬዲንግ፣ በርሊን፦ በሰፈሬ በየቀኑ የማያቸው ነገሮች፤ የምታውቁ አስረዱኝ

ቀበና ማዶ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከሽቱትጋርት ወደ በርሊን ተዛውሬ ቬዲንግ ገብቻለሁ። በዚህ ከተማ ቤት የሚገኘው በዕድል ስለሆነ ሰፈር ለማማረጥ አልታደልኩም፤ የተሰጠኝን ቁልፍ ይዤ መጣሁ። ሽቱትጋርት ደረጃ መጥረግ እንኳ በሳምንት ተራ የሚከናወንባት ከተማ ናት። እዚህ ግን ዳቦ ገዝቼ እስክመለስ ድረስ ግራ የሚያጋባ ነገር አላጣም። የሥራ ባልደረቦቼን እንዳልጠይቅ ተወልደው ያደጉበት ስለሆነ አያዩትም፤ «እንዲሁ ነው» ብለው ያልፉኛል።

እስቲ የማየውን ልንገራችሁ። በየቆሻሻ ቅርጫቱ ሥር ባዶ ጠርሙስ በወጉ ተደርድሮ ይቆማል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ግን ቦታ ሞልቷል። ጥግ ጥጉ ላይ ረጅም እጀታ ያለው፣ አረንጓዴ የተቀባ የብረት ፓምፕ አለ፤ ውኃ ሲቀዳበት ግን አላየሁም። ከሰው ቁመት በላይ የተሰቀለ ሮዝ ቱቦ መንገድ አቋርጦ ይሄዳል። የደወሉ ሰሌዳ ላይ የቤት ቁጥር የለም፣ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው፤ የእኔ በር ደግሞ በሁለተኛው ግቢ ውስጥ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ ወርጄ ካልተቀበልኩት አያገኘኝም። በር ላይ፣ የእግረኛው መንገድ ድንጋይ መካከል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ነሐስ ተቀብሮ ስም ተጽፎበታል።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን የመንገዶቹ ስም ነው። ትንሽ ወደ ሰሜን ስሄድ ቶጎ፣ ካሜሩን፣ ጊኒ፣ ሴኔጋል፣ ዛንዚባር፣ ዩጋንዳ፣ ኮንጎ። መጀመሪያ አፍሪካውያን ስለሚበዙበት መስሎኝ ነበር። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።


ሊስትሮ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡32

እንኳን ደህና መጣሽ። የጠርሙሱን ነገር ለእኔ ተይልኝ።

የመጠጥ ዕቃ ስትገዢ መያዣ ትከፍያለሽ፣ ፕፋንድ ይሉታል። ቆርቆሮና ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል ፕላስቲክ 25 ሳንቲም፣ ተራ የቢራ ጠርሙስ 8 ሳንቲም፣ ታጥቦ ተመልሶ የሚሞላ የውኃ ጠርሙስ ደግሞ 15 ሳንቲም ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ማሽን ዕቃውን ውጦ ደረሰኝ ይሰጥሻል፤ ደረሰኙን ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ትቀይሪያለሽ። መናፈሻ ተቀምጦ ቢራ የጠጣ ሰው ለ8 ሳንቲም ብሎ ጠርሙስ ተሸክሞ አይሄድም። የሚሰበስቡ ሰዎች ግን አሉ፤ ጡረተኞች፣ ሥራ ያጡ፣ ጎዳና ያደሩ። ሰብሳቢው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት ብለው ነው ከቅርጫቱ ውጭ የሚያቆሙለት። ደግነት ነው።

የወይን ጠርሙስ መያዣ የለውም። እሱን ሰብሳቢም አይፈልገውም፤ ወደ መስታወት መጣያው ውሰጂው።


ሐምሌ ጨረቃ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡05

ወንድሜ ሊስትሮ፣ ማብራሪያህ ትክክል ነው፤ «ደግነት» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ሊዮፖልድ አደባባይ ጠዋት ጠዋት የማያቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ንጹሕ ካፖርት ለብሰው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ በጎማ ጓንት ቅርጫት ለቅርጫት ይዞራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ጡረታቸው ለቤት ኪራይ ብቻ የሚበቃ ሰው ናቸው። ሀብታም አገር ውስጥ አሮጊት በባትሪ ጠርሙስ ስትፈልግ፣ ጠርሙሱን ከቅርጫቱ አጠገብ አቁሜላታለሁ ብሎ መመጻደቅ አይዋጥልኝም። አቁሙላት፣ እኔም አቆማለሁ። ስሙን ግን ደግነት አንበለው።


ሊስትሮ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡11

እሺ እህቴ፣ ስሙን አንቺ አውጪለት። የእኔን ጠርሙስ ግን ቅርጫት ውስጥ አልጨምረውም።


አዛውንቱ ከሞአቢት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡40

ልጄ ቀበና፣ እኔ በርሊን የገባሁት ግንቡ ሳይፈርስ ነው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ታክሲ የነዳሁት በእነዚሁ መንገዶች ላይ ነው። የማውቀውን ልበልሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ግቢሽ ልጀምር። ቬዲንግ የፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከየገጠሩ የሚጎርፈውን ሠራተኛ ለማኖር መንገዱ ዳር አንድ ሕንፃ ያቆማሉ፣ ከኋላው ግቢ፣ ከግቢው ኋላ ሌላ ሕንፃ፣ እንደገና ግቢ። በ1853 የወጣው የግንባታ ደንብ ግቢው ቢያንስ 5.34 ሜትር በ5.34 ሜትር ይሁን አለ። ለምን ይመስልሻል? ለብርሃን አይደለም፣ ለአየርም አይደለም፤ የእሳት አደጋ ጋሪ ገብቶ መዞር የሚችለው በዚያ ስፋት ስለሆነ ነው። አኬር ጎዳና ላይ ማየርስ ሆፍ የሚሉት ነበር፤ ስድስት ግቢ ተከታትሎ የሚገባበት፣ ሰው የተፋፈገበት ቤት። በ1972 ቀሪው ፈረሰ። ያንቺ ሁለተኛው ግቢ የዚያ ዘመን ውላጅ ነው። ዛሬ ወጣቱ ከመንገድ ጫጫታ የራቀ ነው ብሎ የሚሻማበት ቤት፣ ያኔ የድሃ ድሃ የሚገባበት ነበር።

ደወሉ ላይ ስምሽን ቶሎ አስለጥፊ። የፖስታ ሳጥኑ ላይም። እዚህ አገር ፖስተኛው የሚያውቀው ስም ነው፤ ስምሽ ከሌለ ደብዳቤው «አድራሻው አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ በዚህ ያለፈባቸው ልጆች አውቃለሁ።

ፓምፑ ለጌጥ የቆመ አይደለም። በከተማዋ ወደ 2000 ገደማ አሉ። መስመር ውኃ ቢቋረጥ ሕዝቡ ከከርሰ ምድር እንዲቀዳ የተዘጋጁ ናቸው። ውኃው አይጠጣም፤ አብዛኛው ላይ ተጽፎበታል። በበጋ ድርቅ ሲሆን ግን ሰፈርተኛው ባልዲ ይዞ ይወጣና የመንገድ ዛፎችን ያጠጣበታል። ስትሞክሪው መጀመሪያ እጀታው ባዶውን ይንጫረራል፤ ተስፋ አትቁረጪ፣ መላልሰሽ ጫኚው። ቀይ የዛገ ውኃ ተፍቶ ተፍቶ ከዚያ ይጠራል። እጀታው ከባድ ነውና ስትለቂው አገጭሽን ጠብቂ።

ሮዙ ቱቦ ደግሞ የሕንፃ ሥራ ምልክት ነው። በርሊን ረግረግ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ መሠረት ሲቆፈር ውኃው ጥቂት ሜትር ላይ ይገኛል። ጉድጓዱ እንዳይሞላ ቀንና ሌሊት እየሳቡ በቱቦ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሽፕሬ ወንዝ ይለቁታል። ግንባታው ሲያልቅ ቱቦው ይነሣል።


ቀበና ማዶ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡02

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 5.34 ሜትሩን ዛሬውኑ በሜትር ለክቼ አረጋግጣለሁ፤ እርስዎን ተጠራጥሬ ሳይሆን ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ ለማየት።


ጠጅ ሳር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡15

የመንገዶቹን ስም በተመለከተ እኔ እዚያው የአፍሪካ ሰፈር ስለምኖር ሳላነሣው አላልፍም።

ስሙ የመጣው በውስጡ ከሚኖረው ሰው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ቶጎ ጎዳናና ካሜሩን ጎዳና፣ በ1899 ነው የተሰየሙት። ሁለቱም ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበሩ። ካርል ሃገንቤክ የሚባለው የሃምቡርግ የእንስሳት ነጋዴ እዚሁ አጠገብ አውሬም ሰውም የሚታይበት ትልቅ ሥፍራ ሊያቋቁም አቅዶ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ዕቅዱ ቀረ። ቦታው ዛሬ ሬበርገ መናፈሻ ነው፤ ልጆቻችንን ለጨዋታ የምንወስድበት።

ከአገር ስም ሌላ የሰው ስም የያዙም ነበሩ። ሉደሪትስ የብሬመን ትምባሆ ነጋዴ ነበር። ዛሬ ናሚቢያ በምንለው አገር ናማ ከሚባለው ሕዝብ አለቃ ላይ ከባሕር ዳር ጀምሮ 20 ማይል መሬት ገዛ። አለቃው የሚያውቁት የእንግሊዙን ማይል፣ 1.6 ኪሎ ሜትሩን ነው። ውሉ ሲፈጸም «ማይል» የተባለው የጀርመኑ ነበር፤ እሱ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ስሌት መሬታቸውን ወሰደ። በስሙ የተጠራው መንገድ እስከ 2022 ድረስ እዚሁ ነበር።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2022 መንገዱ ኮርኔሊየስ ፍሬድሪክስ ተባለ፤ ከጀርመን ጋር የተዋጋ የናማ መሪ ነው፣ በ1907 ሻርክ ደሴት የእስረኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ። በዚያው ቀን ናኽቲጋል አደባባይም ማንጋ ቤል አደባባይ ሆነ። ናኽቲጋል በ1884 ቶጎና ካሜሩን ላይ የጀርመንን ባንዲራ የሰቀለው ነው። ሩዶልፍ ማንጋ ቤል ደግሞ ካሜሩን ውስጥ የዱዋላ ሕዝብ ንጉሥ ነበሩ፤ ጀርመን አገር ተምረው፣ የሕዝባቸው መሬት እንዳይነጠቅ ለጀርመን ፓርላማ አቤት ብለው፣ በ1914 በአገር ክህደት ተከሰው ተሰቀሉ። ፔተርስ አሌ የሚባለው ጎዳና በ2024 ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በናሚቢያዊቷ ታጋይ ስም አና ሙንጉንዳ፣ ግማሹ በምሥራቅ አፍሪካ በጀርመን ላይ በተነሣው አመፅ ስም ማጂ ማጂ ሆኗል። በዚህ ከተማ የመንገድ ስም ሲቀየር አሮጌው ታፔላ በቀይ መስመር ተሰርዞ ከአዲሱ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ይሰቀላል። ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም ስም በአንድ ምሰሶ ላይ፣ አንዱ ቀይ ተሰምሮበት።


የፍራንክፈርት ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡20

አቢሲኒያ ጎዳና ግን አለ? ወይስ እኛን ረሱን?


ጠጅ ሳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡34

እኔ በሰፈሩ ስዞር አላየሁም። ሁሉም የጀርመን ግዛት የነበሩ አይደሉም፤ ሴኔጋልም፣ ኮንጎም አሉበት። ግን አስቡት፦ የመጀመሪያዎቹ ስሞች የተሰጡት ከዓድዋ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። የእኛ ስም ባለመኖሩ ቅር አልተሰኘሁም።


ሐምሌ ጨረቃ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡51

ቅር አልተሰኘሁም ማለት ቀላል ነው። ማንጋ ቤል አደባባይ ላይ የሚኖሩ ጀርመናውያን አድራሻችን ሊቀየር ነው ብለው ስንት ዓመት ተሟግተዋል፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የአንዳንዶቹ ምክንያት ዘረኝነት ነው፤ የሌሎቹ ግን የሱቅ ማኅተም፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የደንበኛ ካርድ ነው። አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሴትየዋ «ለእኔ ስሙ የልጅነቴ መንገድ ነው» ስትል ሰምቻለሁ። መንገዱ የተጠራበት ሰው ማን እንደ ነበር ጠየቅኳት። አታውቅም።


ጠጅ ሳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡03

ለዚህ ነው መቀየሩ ደግ የሆነው። ስሙ ሲቀየር ሰው ማን ነበር ብሎ ይጠይቃል።


አዛውንቱ ከሞአቢት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ነሐሱን ማንም አልመለሰላትም። ልጄ፣ እሱ በናዚ ዘመን ከዚያ ቤት ተወስዶ የተገደለ ሰው ስም ነው። ጉንተር ዴምኒግ የሚባል አርቲስት የጀመረው ነው፤ በርሊን ውስጥ መጀመሪያ የቀበራቸው በ1996 ክሮይትስበርግ ሰፈር ሲሆን ያኔ ፈቃድም አልነበረውም። ኋላ ከተማው ተቀበለው። እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። «እዚህ ይኖር ነበር» ይላል፤ ከዚያ ስሙ፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተወሰደበት ቀን፣ የተገደለበት ቦታ። ዛሬ በመላው አውሮፓ ከ100,000 በላይ ደርሰዋል።

አብዛኞቹ አይሁድ ናቸው፤ ግን ሮማ የሚባሉት የአውሮፓ አናሳ ሕዝቦች፣ የፖለቲካ ተቃዋሚዎች፣ የአካል ጉዳተኞችም አሉ። ቬዲንግ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የኮሚኒስቶች ሰፈር ስለነበረ «ቀዩ ቬዲንግ» ይባል ነበር። ነሐስ ስለሆነ ይጠቁራል። የናዚ ግፍ በሚታሰብባቸው ቀኖች፣ ጥር 27 ወይም ኅዳር 9፣ ከወጣሽ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ ይዘው ተንበርክከው የሚወለውሉ ታያለሽ። ከእኔ በር አጠገብ ያሉትን አራቱን የሚወለውል አንድ ተማሪ ነው፤ በጥርስ ብሩሹ የፊደሉን ውስጥ ውስጥ ይፍቃል፤ ጃኬቱን አጣጥፎ ከጉልበቱ ሥር ያነጥፋል። አንድ ቀን የማን ዘመድ እንደሆነ ጠየቅሁት። የማንም አይደለም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው።


ነጭ ሽንኩርት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡00

ከባዱን ታሪክ ጋሼ በደንብ ስለጨረሱት እኔ ቀላሉን ልጨምር። ቀበና ማዶ፣ እስካሁን ያልጠየቅሽው፣ ግን ነገ የምትጠይቂው፦

ውሻ። ባቡር ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ወንበር ሥር ይተኛል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ባለቤቱ ለከተማው በዓመት 120 ዩሮ ግብር ይከፍልበታል። ግብር ከፋይ ውሻ ነው፤ በመንገድ ስታገኚው ቅድሚያ ስጪው።

ራቁት ዋናተኛ። ፕሎትሰንዜ ሐይቅ ዋና ቦታ ራቁታቸውን የሚጸሐዩ ሰዎች የተከለለ ክፍል አላቸው። ከእናትሽ ጋር አገር ለማሳየት ወጥተሽ ወደዚያ እንዳትታጠፊ። ስለ ራሴ እያወራሁ አይደለም።

የእሑድ ጸጥታ። ሱቅ ዝግ ነው፣ መሰርሰሪያ ማስነሣት አይቻልም፣ መስታወት መጣያው ውስጥ ጠርሙስ መወርወርም ክልክል ነው፤ የሚያሰማው ኳኳታ ሰው ያስነሣል ብለው። የሚገርመው በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ይኸው ጸጥታ ወዳድ ሕዝብ ርችት ሲተኩስ ቬዲንግ ጦር ሜዳ ይመስላል።

የዋርካ ያህል የምወደው ደግሞ ሊንደን ዛፍ ነው። ሰኔ ላይ ሲያብብ ሌሊት በመስኮት የሚገባው ሽታ! ቀን ግን ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ነገር የሚያጣብቅ ነው፤ መኪና ያለው ሰው ከሥሩ አያቆምም። ዛፎቹ ሁሉ የቁጥር ምልክት አላቸው፤ የከተማው ሠራተኞች በመዝገብ ያውቋቸዋል።


ቀበና ማዶ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡48

ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ራስህ እያወራህ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ጋሼ፣ ስለ ነሐሱ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ወርጄ አየሁት። እናትና ሁለት ልጆች ናቸው። ታናሽየዋ በ1938 የተወለደች ናት። ከዚህ በላይ ልጽፍ አልቻልኩም።

ሌላ ጥያቄ ላክልበት፦ ቡና ልቆላ ስል የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ዕጣን እንኳ ገና አልነካሁም። ምን ታደርጋላችሁ?


ሊስትሮ | እሑድ፣ ከቀኑ 6፡10

ያ ማስጠንቀቂያ በበርሊን በሕግ ግዴታ ነው፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በነባር ቤቶችም ጭምር። አትፍቺው፣ ባትሪውንም አታውጪ። ቡናውን የምትቆዪው ወጥ ቤት ውስጥ ከሆነ በሩን ዝጊ፣ መስኮቱን ሙሉ ለሙሉ ክፈቺ፣ ብረት ምጣዱን ወደ መስኮቱ አስጠጊው። ዕጣኑን ግቢው ውስጥ አጭሺው።


ሐምሌ ጨረቃ | እሑድ፣ ከቀኑ 6፡22

ግቢው ውስጥ አታጭሽ። ጭሱ 5.34 ሜትር ውስጥ ተይዞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ የእሳት አደጋ ቢጠራብሽ ጋሪያቸው መዞሪያ ቦታ ማግኘቱ እርግጥ ነው፣ ወጪው ግን ያንቺ ሊሆን ይችላል።

እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፦ ከሥሬና ከበላዬ ያሉትን ጎረቤቶች ጠርቼ ቡናውን ቆልቼ አጠጣኋቸው። ከሥሬ ያለችው ቱርካዊት ናት፣ ወዲያው ገባት። ከበላዬ ያለው ጀርመናዊ ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ሦስተኛውን ፈራ። ከዚያ ወዲህ ጭሱን ሲሸት «ዛሬ ቡና አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል።


አዛውንቱ ከሞአቢት | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

ቀበና፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን የምትሄጂባቸውን ልጠቁምሽ። ኖርድ ኡፈር በሚባለው መንገድ ቦዩን ተከትለሽ ሂጂ፤ የሮበርት ኮኽ ተቋምን ታገኛለሽ፣ በኮሮና ጊዜ ስሙን በየቀኑ የሰማሽው። ሐኪሙ ራሱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው የተቀበረው። በሚያዝያ ደግሞ ወደ ቦርንሆልመር ድልድይ ሂጂ። ኅዳር 9 ቀን 1989 ሌሊት በምሥራቅና በምዕራብ በርሊን መካከል ያለው ኬላ መጀመሪያ የተከፈተው እዚያ ነው። አጠገቡ ከጃፓን ሕዝብ የተሰጡ የቼሪ ዛፎች ያብባሉ። ያን ሌሊት እኔ ተሳፋሪ ይዤ እዚያው አካባቢ ነበርኩ፤ መንቀሳቀስ አልተቻለም፣ ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ በእግሩ ወረደ።

ትራሙንም ልብ በዪ። ምዕራብ በርሊን በ1967 ትራሙን ሙሉ በሙሉ ዘግታው ስለነበር ዛሬም ትራም ባመዛኙ የምሥራቁ ክፍል ነው። ከግንቡ መፍረስ በኋላ ወደ ምዕራብ ተመልሶ የገባው ወዳንቺው ቬዲንግ ነው።

ኩርት ሹማኸር አደባባይ ደግሞ አሁን ጸጥ ብሏል። ቴገል አውሮፕላን ማረፊያ በኅዳር 2020 ሳይዘጋ በፊት አውሮፕላን ጣሪያ ሊነካ የቀረው እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፍ ነበር፤ ተሳፋሪ ጋር ስናወራ ወሬያችንን አቁመን አልፎ እስኪሄድ እንጠብቃለን። የቤት ኪራዩ ያኔ ርካሽ የነበረው በዚያ ምክንያት ነው። አሁን ጫጫታው ሄደ፣ ኪራዩ ወጣ።


ጎመን ዘር | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ከባቡር መስኮት የምታዩዋቸውን ትንንሽ ቤቶች ማንም አላነሣም፤ ለጉብኝት የመጣች አክስቴ የድሆች መንደር መስሏት አዝና ነበር። የአትክልት ቦታዎች ናቸው። ሕጉ ጎጆዋ ከ24 ካሬ ሜትር እንዳትበልጥ፣ ቢያንስ ሲሶ የሚሆነው መሬት ደግሞ ፍራፍሬና አትክልት እንዲለማበት ያዛል። ወረፋው ዓመታት ይፈጃል፤ የእኛ ደርሶን ሐበሻ ጎመንና ቃሪያ ዘርተናል። የአትክልተኞቹ ማኅበር ሰዎች መጥተው ጎመኑን «ይህ ጌጥ ነው ወይስ ምግብ?» ብለው መረመሩ። ቀቅለን አቀረብንላቸው። ሲሶው ውስጥ ተቆጠረልን።


አምቦ ውኃ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ ኖይኮልን ልገባ ነው። የዚያንስ የምታውቁ አላችሁ?


አዛውንቱ ከሞአቢት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡47

አለን። ግን ለኖይኮልን ሌላ ክር ክፈት፤ ከዚህ ጋር ከተደባለቀ ቀበና የጠየቀችውን አታገኘውም። ስምህን ደወሉ ላይ መለጠፍ እንዳትረሳ።